ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች የልብ ወለድና የሥዕላዊ ታሪክ መጻሕፍት አመራረጥ፦ ሂሳዊ አስተያየት

መግቢያ

አንድን መጽሐፍ ለተማሪ መርጦ መስጠት ቀላል ተግባር መስሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ለአሥራ ሁለትና ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ ልጁን ለዕድሜ ልኩ አንባቢ ሊያደርገው ወይም ከመጽሐፍ ጋር ሊያቆራርጠው ስለሚችል፣ ምርጫው እንደ ማናቸውም የሥርዓተ ትምህርት ውሳኔ ጥናትና ኀላፊነት የሚጠይቅ ነው። ይህ ጽሑፍ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ለሚገኙ ተማሪዎች፣ በመጠኑም ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ላሉት፣ ልብ ወለድና ሥዕላዊ ታሪክ በምን መለኪያ ሊመረጥ እንደሚገባ ይመረምራል፤ ጥቂት የታወቁ ሥራዎችንም በዚሁ መለኪያ ይመዝናል። “ሥዕላዊ ታሪክ” ስንል በተከታታይ ሥዕሎችና በአጫጭር ጽሑፎች የሚተረከውን፣ በተለምዶ “ኮሚክ” የሚባለውን ዓይነት መጽሐፍ ማለታችን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የራሱን ስሕተት መናገር ይገባዋል። ከዓመታት በፊት ለጥቂት ትምህርት ቤቶች የሚሆን የንባብ ዝርዝር እንዳዘጋጅ ተጠየቅሁ። ሥራው ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም፤ የምወዳቸውን መጻሕፍት በተርታ ጻፍኋቸው፤ በዝርዝሩ ራስ ላይም “ፍቅር እስከ መቃብር”ን አስቀመጥሁ። በኋላ በደጋው አካባቢ የሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ስጎበኝ መጻሕፍቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ እንደ መጡ ንጹሕ ሆነው ተቀምጠዋል። አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ተውሳ በሦስተኛው ቀን መመለሷን ከመዝገቡ ተረዳሁ። ምክንያቱን ብጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ “መምህር፣ በዛብህ ሳይወለድ ደከመኝ” አለችኝ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ በኋለኛው ወንበር የተቀመጡ ልጆች ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ተገኙ። መምህራቸው “ይህ መጽሐፍ አይደለም፤ ጨዋታ ነው” ብለው ወሰዱባቸው። እኔም በዚያን ጊዜ ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ። ዛሬ ግን ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ሳስባቸው፣ በዚያ ክፍል ውስጥ የተነበበው ብቸኛ መጽሐፍ የተወሰደው መጽሐፍ እንደ ነበረ እረዳለሁ። ዝርዝሩን ያዘጋጀሁት ለመጻሕፍቱ ክብር እንጂ ለአንባቢዎቹ አልነበረም። የሚቀጥሉት ገጾች ዓላማ ይኸው ስሕተት በሌሎች እጅ እንዳይደገም ማሳሰብ ነው።

1. ባዶው መካከለኛ መደርደሪያ

በትምህርት ቤቶቻችን የንባብ ጉዳይ ሁለት ዳርቻዎች ብዙ ተደክሞባቸዋል። በአንደኛው ዳርቻ የመጀመሪያ ክፍሎች ንባብ ይገኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ከዓመታት በኋላ፣ ልጆች በእርግጥ ማንበብ መቻል አለመቻላቸው በሰፊው መመዘን ጀመረ። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻለ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት በሰባት ቋንቋዎች እንደገና ተዘጋጅተዋል፤ መምህራንም ፊደልና ድምፅን ስለ ማስተማር ሠልጥነዋል። በሌላው ዳርቻ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አለ፤ እዚያ ልብ ወለድ እንደ ሥነ ጽሑፍ ቀርቦ ስለ ሴራው፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱና ስለ ጭብጡ ይተነተናል።

በሁለቱ ዳርቻዎች መካከል ያለው ልጅ ግን የሚያነበው የመማሪያ መጽሐፉን ምንባብ ብቻ ነው። ምንባብ አንድ ወይም ሁለት ገጽ ሆኖ በጥያቄዎች ይዘጋል። ልጁ ጥያቄዎቹን መልሶ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት አንድ ተማሪ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲያነብ ቆይቶ አንድም መጽሐፍ ሳያነብ ሊያልፍ ይችላል። ምንባብ ማንበብና መጽሐፍ ማንበብ ደግሞ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በመጽሐፍ ውስጥ አንባቢው ትናንት ያነበበውን እስከ ነገ ማስታወስ፣ ያልተነገረውን መገመት፣ ግምቱ ሲፈርስም አሳቡን ማረም ይኖርበታል። ይህን ችሎታ ምንባብ አያስተምረውም።

የአዲሱ የትምህርት እርከን 7ኛንና 8ኛን ክፍል ለብቻቸው “መካከለኛ ደረጃ” አድርጎ ለይቷቸዋል። የቀድሞ ባልደረቦቻችን “መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ” እያሉ የሚያውቁት እርከን መሆኑ ነው። እርከኑ ተመልሷል፤ ለእርከኑ የሚሆን የመጻሕፍት መደርደሪያ ግን ገና አልተሠራም። ከተረት መጽሐፍ በቀጥታ ወደ ታላላቆቹ ልብ ወለዶች መዝለል ልጁን ከአንደኛ ክፍል ወደ ዘጠነኛ ክፍል እንደ ማሻገር የሚቆጠር ነው።

ጉዳዩ የልጆች ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. 2ኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ዛሬ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል በየመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ዕጩ መምህራን የሆኑ ይገኛሉ። ለዕጩ መምህራን “ከዳር እስከ ዳር ያነበባችሁት ልብ ወለድ የትኛው ነው?” የሚል ጥያቄ ሳቀርብ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው። መጽሐፍ ጨርሶ የማያውቅ መምህር ለተማሪው መጽሐፍ ሊመርጥ አይችልም። ባዶው መደርደሪያ እንዲህ እያለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል።

2. የምርጫው መለኪያ

አንድን መጽሐፍ ማድነቅና ለልጅ መምረጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አድናቆት የሚመነጨው ከመጽሐፉ ጥበብና ከአንባቢው የሕይወት ልምድ ነው። ምርጫ ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፤ እርሱም “ይህ ልጅ ይህን መጽሐፍ ጨርሶ ይከድነዋል ወይ?” የሚል ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጨረሰ ልጅ ሁለተኛውን ራሱ ይፈልጋል። በመካከል የተወ ልጅ ግን መጽሐፉ እንደ ከበደው ሳይሆን እርሱ ራሱ ሰነፍ እንደ ሆነ ነው የሚያስበው።

መለኪያው በስሌትም ሊታይ ይችላል። አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ከብት መልሶ፣ ውኃ ቀድቶ፣ የቤት ሥራውን ሠርቶ በቀን አምስት ገጽ ማንበብ ቢችል ብዙ ነው። “ፍቅር እስከ መቃብር” ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ከመቶ ቀን ያላነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። ይህም አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት መሆኑ ነው። መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ግን በሃያ ቀን ያልቃል። ስለ አምስተኛው ቀን ታሪክ በመቶኛው ቀን ማስታወስ ለዐዋቂም አስቸጋሪ ነው።

ይህን ስንል ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን ታላቅ ሥራ ከመካከለኛ ደረጃ እናስወግደው ማለታችን አይደለም። መጽሐፉ የሚጀምረው በበዛብህ ወላጆች ታሪክ ነው፤ ይህ ለዐዋቂው አንባቢ የሴራው መሠረት ቢሆንም ልጁ የሚፈልገው እኩያውን ነው። በስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ሕፃን፣ ከቤቱ ርቆ በየመንደሩ እየለመነ የሚማረው ተማሪ፣ ፊታውራሪ መሸሻ በባላገሮች ላይ ዘምተው በአበጀ በለው እጅ የሚወድቁበት አስቂኝ ዘመቻ፣ እነዚህ ክፍሎች ተነጥለው ቢነበቡ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያለ ድካም ይከተላቸዋል። መንገዱም ቀድሞ ታይቷል። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ባነበበ ጊዜ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ሳይቀር ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤቱ ሊያውቅ ችሏል። ረዥም መጽሐፍ ወደ ልጅ የሚገባው በመጀመሪያ በጆሮ እንደ ሆነ ከዚህ መማር ይገባናል።

የአካባቢ ፍቅርም ምርጫን ሊያሳስት ይችላል። ዳኛቸው ወርቁ የደብረ ሲና ልጅ ናቸው፤ በ1962 ዓ.ም. የታተመው “አደፍርስ”ም የይፋትን አገርና የሕዝቡን አነጋገር የያዘ መጽሐፍ ነው። በሰሜን ሸዋ የምናስተምር ሰዎች “የእኛ ነው” ብለን ለልጆቻችን ልንሰጠው ብንጓጓ አያስደንቅም። ነገር ግን አተራረኩ የተቈራረጠ፣ ክርክሩ የዐዋቂዎች፣ ቃላቱም የተጠቀጠቁ ስለሆነ ለ8ኛ ክፍል ተማሪ የተዘጋ በር ነው። ይልቁንስ ከመጽሐፉ የተመረጠ አንድ ገጽ በቋንቋ ክፍለ ጊዜ ቢነበብ ይጠቅማል። ልጁ ከአያቱ አፍ ብቻ ይሰማው የነበረውን ቃል በኅትመት ሲያየው፣ የቤቱ አነጋገር ከመጽሐፍ ቋንቋ እንደማያንስ ይገነዘባል። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ መጽሐፉን ግን ለኋላ ዕድሜው እናቆይለት።

ከዚህ በተቃራኒ የብርሃኑ ዘርይሁን “የቴዎድሮስ ዕንባ” (1958 ዓ.ም.) ለ8ኛ ክፍል ሊመከር የሚገባው ነው። ተማሪው ዐፄ ቴዎድሮስን ከታሪክ ትምህርቱ ስለሚያውቃቸው ወደ መጽሐፉ የሚገባው ቁልፍ ይዞ ነው። የሚያውቀው ንጉሥ እንደ ሰው ሲጨነቅና ሲያዝን ሲያይ፣ ታሪክና ልብ ወለድ በምን እንደሚለያዩ ያለ አስተማሪ ማብራሪያ ይገባዋል።

በመንዝ ምድር ላይ የተመሠረተው የዓለማየሁ ዋሴ “እመጓ”ም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ወጣት አንባቢ አግኝቷል። ኀይሉ ያለው “ቀጥሎ ምን ይሆን?” የሚለውን ጥያቄ ሳያቋርጥ በማቅረቡ ነው፤ ይህ ደግሞ መጽሐፍ የማስጨረስ ዋነኛው ምሥጢር ነው። ሆኖም መጽሐፉ አንባቢው የገዳማትን ሥርዓት ያውቃል ብሎ የሚነሣ ነው። በይፋትና በአንኮበር ቆላማ ቀበሌዎች ብዙ ሙስሊም ተማሪዎች፣ ከእነርሱም የአርጎባ ልጆች፣ በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። መምህሩ ይህን መጽሐፍ ብቻውን የክፍሉ መጽሐፍ ቢያደርገው እኩሌታው ክፍል እንግዳ ይሆናል። ከሌሎች ጋር አጣምሮ፣ የማይታወቁትን ነገሮች እያብራራ ቢያቀርበው ግን ሁሉም ስለ ጎረቤቱ የሚማርበት ይሆናል።

3. በእጃችን ያለው ቅርስ

“ለዚህ ዕድሜ የሚሆን መጽሐፍ በአማርኛ የለም” የሚለው አነጋገር ተደጋግሞ ይሰማል። አነጋገሩ ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን የራሳችንን ዕቃ ካለማየት የመጣ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ያሳተሙትን “ልብ ወለድ ታሪክ” እንመልከት። ለዚህ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ስያሜውን የሰጠው ይህ መጽሐፍ አጭር ነው። ዋነኞቹ ባለታሪኮች መንትያ ወንድምና እኅት ሲሆኑ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ጉዞ፣ መሰወር፣ መለያየትና መገናኘት ያለበት ታሪክ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሚፈልገው ሌላ ምን አለ? እኛ ግን መጽሐፉን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምርምር ርእስ አድርገን ለልጆች ከለከልናቸው። እርግጥ ነው፣ የዘመኑ አማርኛ ከብዷል፤ ስለ ሌላ እምነት ሰዎች የሚናገርበት መንገድም ያለ ማብራሪያ በዛሬ ክፍል ሊነበብ አይገባም። ስለዚህ የሚያስፈልገው በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ ቋንቋው የቀለለ፣ በግርጌው ማስታወሻ ያለው የተማሪዎች እትም ነው።

ሁለተኛው የኅሩይ ወልደ ሥላሴ “አዲስ ዓለም” ነው። ደራሲው የመርሐ ቤቴ ተወላጅ ናቸው፤ በ1925 ዓ.ም. የታተመው የዚህ መጽሐፍ ባለታሪክ አወቀ ደግሞ ከደብረ ብርሃን ብዙም የማይርቀው የተጉለት ልጅ ነው። አወቀ ትምህርት ፈልጎ እስከ ፓሪስ ይሄዳል፤ ሲመለስም በተዝካርና በሠርግ ድግስ ልማድ ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ተምሮ የተመለሰ ልጅ ከወላጅ አገሩ ልማድ ጋር ምን ያህል ይስማማ፣ ምን ያህልስ ይቃወም? ይህ ጥያቄ ዛሬም ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሁሉ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ ሊነቀፍ የሚችለው ምክሩ ከታሪኩ ስለሚበዛ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ አንዳንድ ጊዜ ሰው መሆናቸው ቀርቶ የአሳብ ተወካይ ይሆናሉ። ይሁንና ማጠሩና ቅርበቱ ይህን ጉድለት ይሸፍኑለታል።

ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ልጆች ጋር ስንደርስ የሀዲስ ዓለማየሁን “ተረት ተረት የመሠረት” (1948 ዓ.ም.) እና የከበደ ሚካኤልን “ታሪክና ምሳሌ” እናገኛለን። ከበደ ሚካኤል በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በገርም ገብርኤል የተወለዱ ሲሆን፣ ግጥሞቻቸው የብዙ ትውልድ ተማሪ በቃሉ የያዛቸው ናቸው። በእነዚህ መጻሕፍት አጠቃቀም ላይ አንድ ትችት አለኝ። ከታሪኩ በኋላ “ከዚህ ምን እንማራለን?” እያልን መጠየቃችን ልጁ ታሪኩን ትቶ ምክሩን ብቻ እንዲፈልግ አስለምዶታል። መልሱን ሳያነብ የሚያውቀው ጥያቄ ነው፤ ሐሰት መጥፎ ነው፣ ትጋት ጥሩ ነው ይላል። ይልቁንስ “ቀበሮዋ ትክክል ነበረች ወይ?” “አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?” ብንለው ተመልሶ ወደ ታሪኩ ይገባል። መጽሐፉን ስብከት የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ደራሲው ሳይሆን መምህሩ ነው።

4. ስለ ሥዕላዊ ታሪክ

በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው፣ ከልጆቹ እጅ የተወሰደው መጽሐፍ ጉዳይ እዚህ ይመለሳል። ብዙዎቻችን ሥዕላዊ ታሪክን የምንጠራጠረው የባዕድ ነው፣ ልጅን ሰነፍ ያደርጋል፣ ከእውነተኛ ንባብም ያርቃል በማለት ነው። ሦስቱንም ክሶች መመርመር ያስፈልጋል።

የባዕድ ነው የሚለው አይጸናም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ጨርቅ ላይ በአርባ አራት ሥዕሎች ተከፋፍሎ፣ በየሥዕሉ ግርጌ አጭር ጽሑፍ ተጽፎበት በአዲስ አበባ ሲሸጥ ያላየ ማን አለ? ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ያስፋፉት “ተአምረ ማርያም”ም በብዙ ቅጂዎቹ ተአምራቱን በተከታታይ ሥዕል የሚያሳይ ነው። የአገራችን ሠዓሊ ደጉን ሰው በሁለት ዐይን፣ ክፉውን በአንድ ዐይን እየሣለ፣ ፊደል ለማያውቀው ሕዝብ ገጸ ባሕርይን ማንበብ አስተምሯል። በተከታታይ ሥዕል መተረክ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሆነው በትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ አለመጠቀማችን ነው።

ልጅን ያበላሻል የሚለው ክስ በስፋት የተሰማው በአሜሪካ ነበር። የአእምሮ ሐኪሙ ፍሬድሪክ ዌርታም እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጡት መጽሐፍ ሥዕላዊ ታሪኮችን የወጣቶች ጥፋት ምክንያት አድርገው ከሰሱ፤ አሳታሚዎችም በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቈጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ካሮል ቲሊ የተባሉ ተመራማሪ የሐኪሙን ማኅደሮች መርምረው፣ ማስረጃዎቹ የተለወጡና የተጋነኑ እንደ ነበሩ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ከፍተኛ ሽልማት የሆነው የኒውቤሪ ሜዳልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥዕላዊ ልብ ወለድ፣ ለጄሪ ክራፍት መጽሐፍ ተሰጥቷል። ክሱ በተነሣበት አገር ከወደቀ እኛ የምንይዝበት ምክንያት የለም።

ከንባብ ያርቃል የሚለውን ሦስተኛ ክስ የሚመልሰው የዘርፉ ባሕርይ ነው። በሁለት ሥዕሎች መካከል ያልተሣለ ነገር አለ። በመጀመሪያው ሥዕል ልጁ በሩን ይከፍታል፤ በሁለተኛው እናቱ ታለቅሳለች። በመካከሉ ምን እንደ ሆነ የሚያውቀው ከፊትና ከኋላ ያለውን አገናኝቶ የሚገምት አንባቢ ብቻ ነው። ቃላትን እየጠራ ትርጉሙን ለማይይዝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ በአማርኛ ያለውን ብንመዝን፣ በስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጡት “ጀምበር” ተጠቃሽ ነው። ባለታሪኩ አማኑኤል ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሲሆን፣ ከሰው በላይ የሆነ ኀይል ያገኛል። ልጆች የሚያውቁትን ከተማና የሚሰሙትን ችግር በሥዕል ማየታቸው የመጽሐፉ ጥንካሬ ነው። ድካሙ ደግሞ የታሪኩ ቅርጽ ከአሜሪካ ልዕለ ኀያላን ታሪኮች የተወሰደ መሆኑ ነው፤ ባለታሪኩም ከመካከለኛ ደረጃ ተማሪ በዕድሜ ይበልጣል። ቢሆንም በ8ኛ ክፍል ከታላላቅ ጀግኖች ተረት ጋር እያነጻጸሩ ሊያስተምሩበት ይቻላል። ኀይል የተሰጠው ሰው ምን ዕዳ አለበት የሚለው ጥያቄ በሁለቱም ውስጥ አለ።

ሌላው ሊተረጐም የሚገባው የቪክቶሪያ ጄሚሰንና የኦማር መሐመድ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ይህ መጽሐፍ ርእሱ “ከዋክብት ሲበተኑ” ተብሎ ሊመለስ ይችላል። በኬንያ በዳዳብ የስደተኞች መጠለያ ያደገው ኦማር፣ መናገር የሚያዳግተውን ታናሽ ወንድሙን ሐሰንን እየጠበቀ ትምህርት ለመማር ያደረገውን ትግል የሚተርክ እውነተኛ ታሪክ ነው። በደብረ ብርሃን ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ ተፈናቃይ ቤተሰቦች በከተማችን ተጠልለዋል፤ ልጆቻቸውም ከከተማው ልጆች ጋር ይማራሉ። ቤቱን ትቶ የመጣ ልጅ የራሱን ዕድል የሚመስል ታሪክ በመጽሐፍ ቢያገኝ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅም ያንኑ ቢያነብ፣ በብዙ ምክር የማይገኝ መግባባት ሊገኝ ይችላል።

5. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተሉት አስተያየቶች ቀርበዋል። ለመምህራን፦

ሀ. ራስዎ ጨርሰው ያላነበቡትን መጽሐፍ አይምከሩ። ካነበቡም በኋላ የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪዎች ሰጥተው “እንቀጥል ወይስ እንተው?” ብለው ይጠይቁ። የልጁ መልስ ከማንኛውም ዝርዝር የበለጠ መረጃ ነው።

ለ. ረዥም መጽሐፍ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፤ ልብ በሚሰቅል ቦታም ያቁሙ። አንድ ቅጂ ብቻ ላለው ክፍል ይህ ከሁሉ የሚሻል ዘዴ ነው።

ሐ. ልጁ መጽሐፍ ትቶ ቢመልስ አይቈጡ፤ ምክንያቱን ጠይቀው ሌላ ይስጡት።

መ. ተማሪዎች ከአያቶቻቸው የሰሙትን አንድ ተረት በስምንት ሥዕል ከፍለው በአጭር ጽሑፍ እንዲተርኩት ያድርጉ። እርሳስና የደብተር ገጽ ብቻ ይበቃል፤ በዓመቱ መጨረሻም ክፍሉ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል።

ለዕቅድ አውጪዎች፦

ሀ. መጻሕፍቱ በቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው የሚቀሩት በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ የሚጠየቀው ቁልፉን የያዘው ሠራተኛ ስለሆነ፣ ለእርሱ ከሁሉ የሚሻለው መጽሐፍ ያልተነካ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ለተማሪዎች ንባብ የተገዛ መጽሐፍ እንደ ጠመኔ በአላቂ ዕቃ እንዲመዘገብ፣ ከተወሰነ ዓመት በኋላም ያለ ጥያቄ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ደንብ ቢወጣ፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የብዙ ትምህርት ቤቶችን ቁም ሣጥን ይከፍታል። ያረጀ መጽሐፍ የሥራ ማስረጃ እንጂ የጥፋት ማስረጃ አይደለም።

ለ. ከቀደምት አጫጭር ልብ ወለዶቻችን ጥቂቶቹ በተማሪዎች እትም እንዲዘጋጁ ይደረግ። ዝግጅቱ የባለመብቶችን ፈቃድ፣ የቋንቋ ባለሙያንና የመምህርን ትብብር ይጠይቃል፤ አዲስ መጽሐፍ ከማስጻፍ ግን ይቀላል።

ሐ. ሥዕላዊ ታሪክ የግድ በቀለም መታተም የለበትም። በጥቁርና ነጭ፣ በርካሽ ወረቀት የሚታተም ቢሆን ዋጋው ይቀንሳል፤ በብዙ አገርም የተለመደ ነው። በመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ያሉ የሥዕልና የቋንቋ ዕጩ መምህራን በጋራ ለመመረቂያ ሥራቸው አንዳንድ ሥዕላዊ ታሪክ ቢያዘጋጁ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሊመረጥበት የሚችል ክምችት ይገኛል።

ማጠቃለያ

የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪ መጽሐፍ ስንመርጥ የመጽሐፉን ታላቅነት ብቻ ሳይሆን የልጁን ጨርሶ መክደን መለኪያ እናድርግ። ታላላቆቹ ሥራዎች አይቀሩም፤ የሚጠብቃቸው አንባቢ ግን በዚህ ዕድሜ ካልተፈጠረ በኋላ አይፈጠርም።

ያቺ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ያን ቀን ግን ልሰጣት የሚገባኝ ሌላ መጽሐፍ በእጄ አልነበረም። ዛሬ ብትመጣ በመጀመሪያ የጦቢያን ታሪክ በቀላል አማርኛ አነብላት ነበር፤ ቀጥሎም የተጉለቱን አወቀ፣ ከዚያ ከጓደኞቿ የተወሰደውን ሥዕላዊ መጽሐፍ እሰጣት ነበር። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ደግሞ በመደርደሪያው ላይ፣ ቁልፍ በሌለበት ቦታ አስቀምጬ ራሷ መጥታ እስክትወስደው እጠብቃለሁ። በዛብህ እስኪወለድ የምትታገሠው ያን ጊዜ ነው።